ስንት ኤፍ ልግዛ? በአፈሙዝ ለሚጎርስ የአደን ጠመንጃ ባሩድ አመራረጥ

ነሐሴ ሲገባደድ ስልኬ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ መጮህ ይጀምራል። ሐዋሳ ገና አልነጋም። ኮሎራዶ ግን ማታ 2 ሰዓት ነው፤ ሰው ከሥራ ገብቶ፣ ራቱን በልቶ፣ ስለ አደን የሚያስብበት ሰዓት። ደዋዩ የእህቴ ልጅ ነው፣ ወይ ጓደኛው፣ ወይ የጓደኛው ጓደኛ። ጥያቄው ግን ያው ነው። «ጋሼ፣ ባሩዱ ስንት ኤፍ ይሁን?»

እዚያ በኖርኩባቸው ዓመታት በአፈሙዝ በሚጎርስ ጠመንጃ አድኛለሁ፤ ባሩዱም እርሳሱም (የሚተኮሰው ማለቴ ነው) ከፊት በአፉ በኩል የሚገቡበት ዓይነት። ስለዚህ መልሱን አንድ ጊዜ ጽፌ እንቅልፌን ልተኛ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ይታወቅ። ይህ የተጻፈው አሜሪካ ሆነው፣ ፈቃድ አውጥተው፣ በሕግ ለሚያድኑ ነው። እዚህ አገር መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ጉዳይ ነው፤ ያለ ፈቃድ አይነካም። የአያት ጠመንጃ ግድግዳ ላይ የተሰቀለላችሁም ይህን አንብባችሁ እንዳታወርዱት። በነገራችን ላይ ብዙዎቻችን «የአያቴ ጠመንጃ» የምንለው ውጅግራ በአፈሙዝ አይጎርስም፤ ጥይቱ የሚገባው ከኋላ ነው። ከታች ያለው አንዱም እሱን አይመለከትም።

ኤፍ ማለት ምንድን ነው?

በባሩዱ ቆርቆሮ ላይ ኤፍ የምትባለዋ የእንግሊዝኛ ፊደል ተደጋግማ ትጻፋለች። ሁለት ጊዜ ከሆነ 2ኤፍ፣ ሦስት ጊዜ ከሆነ 3ኤፍ እንላለን። ብዙ ሰው እንደ ኮከብ ይቆጥራታል፤ «አራት ካለው ከሦስቱ ይሻላል» ይላል። አይደለም። ኤፍ የምትናገረው ስለ ፍሬው መጠን ነው። ኤፍ በበዛ ቁጥር ፍሬው ይደቅቃል።

የእህቴ ልጅ ለእረፍት የመጣ ጊዜ ማድ ቤት ወስጄ ሰፌድ ላይ አራት ነገር በረድፍ አፈሰስኩለት።

- 1ኤፍ፦ የሰናፍጭ ፍሬ ያህል። ከ1.2 እስከ 1.7 ሚሊ ሜትር ገደማ።
- 2ኤፍ፦ ጤፍ ያህል። ከ0.6 እስከ 1.2 ሚሊ ሜትር።
- 3ኤፍ፦ ስኳር ያህል። ከ0.3 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር።
- 4ኤፍ፦ ደቃቅ የገበታ ጨው ያህል። ከ0.15 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር።

እጁን ሰዶ ጤፉንና ስኳሩን በጣቶቹ አሻሸ፣ ገባው። እናቱ ግን «ጤፉን ከሰናፍጩ ማን ሊለቅምልኝ ነው?» ብላ ሁለታችንንም ከማድ ቤት አባረረችን።

ቁጥሮቹ ጫፍና ጫፋቸው እንደሚነካካ አያችሁ? ለዚህ ነው በዓይን ብቻ መለየት የማይቻለው። መለያው የቆርቆሮው ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ የጠፋ ባሩድ ደግሞ ባሩድ አይባልም፤ አትጠቀሙበት።

የፍሬው መጠን ለምን ለውጥ ያመጣል? ምድጃ ያነደደ ሰው ያውቀዋል። ፍልጥ ቀስ ብሎ ይነዳል። ያንኑ ፍልጥ ጭራሮ አድርጋችሁ ብትከምሩት ቦግ ይላል። እንጨቱ ያው ነው፤ እሳት የሚነካው ገጽ ነው የበዛው። ባሩድም እንዲሁ። ደቃቁ ቶሎ ስለሚነድ አፈሙዙ ውስጥ ያለውን ግፊት በፍጥነት ያስነሳል። ሻካራው ረጋ ብሎ ይገፋል። ለቀላል እርሳስ የሚስማማው ግፊት ከከባድ እርሳስ ኋላ ሲሆን ይበዛል። የምርጫው ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የጠመንጃው አምራች የሰጠው መመሪያ። ከጠፋባችሁ ከአምራቹ ጠይቁ፤ ያለሱ አትጀምሩ።
- በፋብሪካ የተሠራ፣ በራሱ ቆርቆሮ ያለ ባሩድ። ለመጀመሪያ 1 ፓውንድ ይበቃል። 1 ፓውንድ 7,000 ግሬይን ነው፤ በአንድ ተኩስ 70 ግሬይን ብትጠቀሙ 100 ተኩስ ይወጣዋል።
- የሚስተካከል የናስ መስፈሪያ።
- ለጠመንጃችሁ ልክ የሆነ እርሳስ፣ ድብልብል ከሆነም መጠቅለያ ጨርቅና ቅባት።
- መጎስጎሻ ዘንግ፣ የእርሳስ መንቀያ ብሎን፣ ማጽጃ ጨርቅ።
- የዓይን መነጽርና የጆሮ መከላከያ።
- ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ (የሚጽፈውን ማለቴ ነው)።

ግሬይን የምትለዋ ቃል ብዙ ሰው ታሳስታለች። የፍሬ ብዛት አይደለችም። የክብደት መለኪያ ናት፤ አንዷ 0.065 ግራም ገደማ ትመዝናለች። «70 ግሬይን» ሲባል 70 ፍሬ ልቆጥር ነው ብሎ የደነገጠ ሰው ገጥሞኛል።

አሠራሩ

1. አፈሙዙ ላይ የተቀረጸውን አንብቡ።

ሁለት ነገር ፈልጉ፦ ካሊበሩን (የአፈሙዙን ቀዳዳ ስፋት በኢንች፤ ነጥብ 50 ማለት ግማሽ ኢንች ነው)፣ እና «ብላክ ፓውደር ኦንሊ» የሚለውን። ሁለተኛው ጥቁር ባሩድ ወይም ለሱ ምትክ ተብሎ የተሠራ ብቻ ይጎርሳል ማለት ነው። ለዘመናዊ ጥይት የሚሆነው ጭስ አልባ ባሩድ እዚህ ውስጥ ከገባ ጠመንጃው ፊታችሁ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። በትንሹም፣ ቀላቅሎም፣ ለሙከራም አይሆንም።

2. በምን እንደሚቀጣጠል እዩ።

ባልጩት ያለው ነው? ካፕ፣ ማለትም ሲመታ እሳት የምትሰጥ ትንሽ የብረት ቆብ፣ የሚገጠምበት ነው? ወይስ 209 ፕራይመር የሚባለውን ጠንካራ ማቀጣጠያ የሚወስድ አዲሱ ዓይነት? ባልጩት የምትሰጠው ፍንጣሪ ደካማ ናት። ስለዚህ እውነተኛ ጥቁር ባሩድ ያስፈልጋታል። እንደ ፓይሮዴክስና ትሪፕል ሰቨን ያሉ ምትኮች ለመቀጣጠል የበለጠ ሙቀት ስለሚፈልጉ በባልጩት ወይ ይዘገያሉ፣ ወይ ጭራሽ እምቢ ይላሉ። በካፕና በፕራይመር ግን ይሠራሉ።

3. የምታድኑበትን ክልል ደንብ አረጋግጡ።

ይህን ሳያዩ ባሩድ የሚገዙ አሉ። ኮሎራዶ ውስጥ በአፈሙዝ ጎራሽ ወቅት እንደ ክኒን ተጠፍጥፎ የተሠራ ባሩድ ክልክል ነው፤ የሚፈቀደው ልቅ ባሩድ ነው። ለአጋዘን ቢያንስ ነጥብ 40፣ ኤልክ ለሚባለው ትልቁ የአጋዘን ዘመድ ደግሞ ቢያንስ ነጥብ 50 ካሊበር ያስፈልጋል። ፔንሲልቬንያ ከፈረንጆች ገና በኋላ ያለው የአፈሙዝ ጎራሽ ወቅት ለባለ ባልጩት ጠመንጃ ብቻ ነው። ደንቡ በየዓመቱ ስለሚታተም የዘንድሮውን እዩ። ጠመንጃውን ከገዙ በኋላ ካሊበሩ አነሰ ሲባሉ የሚደውሉልኝን ላጽናና እንጂ ልረዳ አልችልም።

4. የምትተኩሱትን እርሳስ ወስኑ።

በጨርቅ የሚጠቀለል ድብልብል እርሳስ ቀላል ነው፤ የነጥብ 50 ጠመንጃ 0.490 ኢንች ድብልብል 177 ግሬይን ያህል ይመዝናል። ሾጣጣው በቀላሉ የዚህን እጥፍ ይሆናል። ከባዱን ዕቃ በአንዴ ሳይሆን ረጋ ብሎ መግፋት ይሻላል፤ ስለዚህ ለሾጣጣ ወደ ሻካራው ማዘንበል ነው።

5. መነሻ ፍሬ ምረጡ።

- ነጥብ 45 እና ከዚያ በታች፦ 3ኤፍ።
- ነጥብ 50 በድብልብል፦ 3ኤፍም 2ኤፍም ይሆናል። እኔ በ2ኤፍ እጀምራለሁ፤ ለጀማሪ የስህተት ቦታ ይሰጣል።
- ነጥብ 50 በከባድ ሾጣጣ፦ 2ኤፍ።
- ነጥብ 54፦ 2ኤፍ።
- ነጥብ 58 እና በላይ፦ 2ኤፍ፤ አፋቸው ሰፊ ለሆኑት ትልልቆቹ 1ኤፍም ይሄዳል።
- 4ኤፍ፦ ለባልጩት ጠመንጃ ማቀጣጠያ ሳህን ብቻ። ሁለት ሦስት ግሬይን፣ የጎን ቀዳዳዋን ሳይሸፍን።

የጠመንጃችሁ መመሪያ ከዚህ የተለየ ካለ መመሪያውን ስሙ። እነሱ አፈሙዙን ሠርተውታል፤ እኔ አላየሁትም።

ምትክ ባሩድ ከሆነ ፓይሮዴክስ አርኤስ የ2ኤፍን፣ ፓይሮዴክስ ፒ የ3ኤፍን ቦታ ይይዛል። ትሪፕል ሰቨን ከጥቁር ባሩድ ይበረታል፤ ለተመሳሳይ ፍጥነት በስፍር 15 ከመቶ ያህል ይቀነሳል። ከጥቁሮቹም መሃል ልዩነት አለ። ስዊስ የሚባለው በተመሳሳይ ስፍር ከሌሎቹ ጠንክሮ ይገፋል። ቆርቆሮ ስትቀይሩ እንደ አዲስ ከታች ጀምሩ።

6. በስፍር ለኩ፣ ከዝቅተኛው ጀምሩ።

ለመስፈር የናሱን መስፈሪያ ተጠቀሙ፣ ሚዛን አይደለም። ምትኮቹ ከጥቁር ባሩድ ስለሚቀሉ በሚዛን 70 ግሬይን ፓይሮዴክስ ብትሉ ከሚገባው በላይ ባሩድ ታጎርሳላችሁ። መስፈሪያውን ሙሉ፣ በጣት ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ አድርጉ፣ ጫፉን አስተካክሉ። ስንት ጊዜ እንደምትመቱ ወስኑና ሁሌ እንዲያው አድርጉ። እናቶቻችን ጤፍ ሲሰፈርላቸው ነጋዴው ጣሳውን ነቀነቀ አልነቀነቀ ብለው የሚከራከሩት በከንቱ አይደለም።

መነሻው የመመሪያው ዝቅተኛ ልክ ነው። አዳኞች የካሊበሩን ቁጥር ያህል ግሬይን እንደ መነሻ የመያዝ ልማድ አላቸው፤ ለነጥብ 50 ጠመንጃ 50 ግሬይን ማለት ነው። ከመመሪያው ጣሪያ ግን አትለፉ። ከ2ኤፍ ወደ 3ኤፍ ስትቀይሩ ደግሞ ከ10 እስከ 15 ከመቶ ቀንሱ። 80 የነበረው ወደ 70 ይወርዳል። ለምን? ጭራሮውን አስታውሱ።

7. አጎርሱ።

ባሩዱ ከመስፈሪያው ወደ አፈሙዙ ይገባል፤ ከቆርቆሮው በቀጥታ አይደለም። ውስጥ የቀረች አንዲት ፍም ብትኖር መስፈሪያው ውስጥ ያለው ብቻ ይነዳል። ከቆርቆሮው ስታፈሱ ብትይዝ ግን እጃችሁ ላይ ያለው ሙሉ ቆርቆሮ ነው።

ከዚያ እርሳሱን በዘንጉ እስከ ባሩዱ ድረስ ግፉ። በባሩዱና በእርሳሱ መሃል ባዶ ቦታ ከቀረ አፈሙዙ ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ጠመንጃው ባዶ ሲሆን ዘንጉ ከአፉ እኩል የሚቆምበት ላይ አንድ መስመር አስምሩ። በትክክል ጎርሶ ሲያልቅ ደግሞ ሁለተኛ መስመር። ሁለተኛው መስመር ካልደረሰ አትተኩሱ። ስፍሩን ስትቀይሩ መስመሩም እንደሚቀየር አትርሱ።

8. ተኩሳችሁ አወዳድሩ።

ወደ ሕጋዊ የተኩስ መለማመጃ ሂዱ። ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፉ። በመጀመሪያ በ25 ያርድ፣ ቀጥሎ በ50። ለእያንዳንዱ ስፍር አምስት ተኩሱ፤ ከዚያ 5 ግሬይን ጨምሩና ድገሙ። በየተኩሱ መሃል እርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያ ደረቅ ጨርቅ አሳልፉ፤ አለበለዚያ የምታወዳድሩት ባሩዱን ሳይሆን ጥቀርሻውን ነው።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ፍሬውንም ጨርቁንም እርሳሱንም በአንድ ቀን የቀየረ ሰው ዒላማው ላይ ቀዳዳዎቹ ሲሰበሰቡ ማንን እንደሚያመሰግን አያውቅም።

9. ምልክቶቹን አንብቡ።

ከጠመንጃው አፍ ፊት ለፊት መሬት ላይ የወደቀውን ጨርቅ አንሱ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳል፤ ለእኔ ከዒላማው ያልተናነሰ ይነግረኛል። መሃሉ ጠቁሮ ዙሪያው ደህና ከሆነ ጥሩ ነው። ተቀዶ ከሆነ ጨርቁ ሳስቷል ወይም የአፈሙዙ ጫፍ ይቆርጠዋል። ተቃጥሎ ቀዳዳ ካወጣ ስፍሩ በዝቷል፣ ወይ ቅባቱ አንሷል፣ ወይ ፍሬው ደቅቋል።

ትከሻ ላይ ያለው እርግጫ ከጨመረና ቀዳዳዎቹ ከተበታተኑ አንድ እርምጃ ተመለሱ። ቀዳዳዎቹ በጣም የተሰበሰቡበት ስፍር ነው የእናንተ። ብዙ ጊዜ ከፍተኛው አይደለም።

የጥቀርሻ ነገር

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ራሴን የቀጣኝ ነው።

በመጀመሪያው ዓመቴ ለነጥብ 50 ጠመንጃዬ 2ኤፍ ብዬ ጠይቄ ሻጩ 1ኤፍ አቀበለኝ። እኔም አላነበብኩም፤ ቆርቆሮዎቹ መንታ ይመስላሉ። መለማመጃው ቦታ ላይ የመጀመሪያው ተኩስ ዱዋ ብሎ ወጣ፣ ድምፁ የሰነፈ። ሁለተኛው እንዲያው። ሦስተኛውን ለማስገባት ዘንጉን በሁለት እጄ ገፋሁ። አራተኛው እርሳስ መሃል መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ወደ ታች አይሄድ፣ ወደ ላይ አይመጣ። ከጎኔ ያሉት ሽማግሌ «ካፕ እንዳታደርግበት!» ብለው ጮኹብኝ። እርሳሱን በመንቀያ ብሎን እስክናወጣ ሸሚዜ በላብ ራሰ። ቆርቆሮውን አንስተው ሲያሳዩኝ ኤፏ አንዲት ናት።

የሆነው ይህ ነው። ሻካራው ፍሬ በዚያ ስፍርና በዚያ ቀላል እርሳስ በደንብ ነዶ አላለቀም። የቀረው ጥቀርሻ ሆነ። የኮሎራዶ አየር ደረቅ ስለሆነ ደግሞ ጥቀርሻው እንደ ድስት ቂጥ ይጠነክራል። ሐዋሳን የመሰለ ሐይቅ ዳር ቢሆን እርጥበት ስቦ ይለሰልስ ነበር። ስለዚህ ደረቅ አገር የምታድኑ በየተኩሱ መወልወሉን አትዝለሉ፤ ሦስተኛው እርሳስ ከሁለተኛው ይልቅ ሲከብዳችሁ አቁሙና አጽዱ። ሁሌ የሚከብዳችሁ ከሆነ አንድ ደረጃ ደቀቅ ያለ ፍሬ ሞክሩ፣ ስፍሩን ቀንሳችሁ።

ሰው የሚደጋግማቸው ስህተቶች

ሁለት ቆርቆሮ አንድ ጠረጴዛ ላይ መክፈት። የምትጠቀሙበት ብቻ ይከፈት፣ ሌላው መኪና ውስጥ ይቆይ። የተረፈውን ወደ ሌላኛው ቆርቆሮ መመለስ የመጣው ከዚህ ነው።

3ኤፍና 2ኤፍ ቀላቅሎ «መካከለኛ» መሥራት። መካከለኛ አይሆንም። ደቃቁ ወደ ታች ስለሚሰምጥ እያንዳንዱ ስፍር የተለየ ይሆናል።

4ኤፍን እንደ ዋና ባሩድ ማጉረስ። «ቶሎ ይነዳል አላልክም?» ይሉኛል። ብያለሁ። ለዚህ ነው የማይሆነው።

ባሩድ ረስቶ እርሳስ ማስገባት። የማይረሳ የለም፤ እኔም በወሬ መሃል አድርጌዋለሁ። ካፕ እየደረደሩ መሞከር የለም፤ በብሎኑ ይነቀላል።

አልተኮሰም ብሎ ወዲያው አፉን ወደ ራስ ማዞር። ዘግይቶ ሊተኩስ ይችላል። ወደ ዒላማው እንደዞረ ቢያንስ 2 ደቂቃ ጠብቁ።

ባሩድ በአውሮፕላን መያዝ። በእጅ ሻንጣም፣ በሚጫነውም ክልክል ነው፤ ካፑም እንዲሁ። «ጋሼ፣ ለማስታወሻ ትንሽ ላምጣልህ?» ያለኝ ልጅ አለ። ቡና ይዘህ ተመለስ አልኩት።

ስትጨርሱ

ያንኑ ቀን ማታ አጽዱ። የጥቁር ባሩድ ጥቀርሻ ውስጥ ያለው ጨው እርጥበት ስቦ ብረቱን ያዝገዋል፤ ነገ ያልከው ጠመንጃ ነገ ቀይ ሆኖ ይጠብቅሃል። መጀመሪያ ባዶ መሆኑን በዘንጉ መስመር አረጋግጡ። ሙቅ ውሃና ትንሽ ሳሙና በቂ ነው። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ አመላልሱ፣ አድርቁ፣ ዘይት ቀቡ። በማግስቱ አንድ ደረቅ ጨርቅ አሳልፋችሁ እዩ፤ ቡናማ ከወጣ ድገሙት።

ባሩዱ በመጣበት ቆርቆሮ፣ ክዳኑ ተጠብቆ፣ ከእሳትና ከልጆች ርቆ፣ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ካፖቹ ለብቻቸው። ክዳኑ ላይ የከፈታችሁበትን ቀንና የኤፉን ቁጥር በወፍራም ማርከር ጻፉ። ደብተሩ ላይ ደግሞ ካሊበር፣ ፍሬ፣ ስፍር፣ እርሳስ፣ ጨርቅ፣ ርቀት፣ የቀዳዳዎቹ ስፋት። በሚመጣው ነሐሴ ከደወላችሁልኝ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ እነዚህን ሰባቱን ነው፤ ብትችሉ ደግሞ ሐዋሳ ከነጋ በኋላ ደውሉ።